«ካፓሲተር የገጠመ ሰው ስለ ባትሪ አያስብም» ላላችሁ

ባለ ቪትዙ፦ ትናንት አንድ ቴፕ ገጣሚ እዚህ መጥቶ «ካፓሲተር የገጠመ ሰው ስለ ባትሪ አያስብም» ብሎን ሄደ። ያንን ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቤዝ ሲመታ ለአምፑ ይለቃል የሚባለውን ዕቃ እኔ ገጥሜያለሁ። አስባለሁ። ሌሊት ሁሉ አስባለሁ። ቤዝ በመታ ቁጥር የፊት መብራቴ አብሮ እስክስታ ይወርዳል፣ ጠዋት ደግሞ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም። በሳምንት 2 ቀን የግቢያችን ዘበኛ እየገፋልኝ ነው ሥራ የምገባው።

ሽቦና ማሳ፦ እስቲ በሂሳብ እንየው። 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ቮልት ወደ 12 እስኪወርድ የሚሰጥህ 26 ጁል ነው። 1000 ዋት የሚስብ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ይህን በ26 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። ዓይንህን እስክታርገበግብ እንኳ አይቆይም። ከዚያ በኋላ ካፓሲተሩ ራሱ መልሶ መሞላት ስላለበት ባትሪህ ላይ የተጨመረ ሌላ አፍ ነው። የአህያ ባል በለው፣ ከጅብ አያስጥልም።

የመርካቶ ልጅ፦ የአህያ ባል? ዕውቀት የምትሉት ይሄንን ነው? እሱ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ስንት መኪና ሲገጥም እያየነው፣ አንተ ካልኩሌተር ይዘህ መጥተህ ታዋርደዋለህ። ለእኔም የገጠመልኝ እሱ ነው። መብራቴ ፀጥ ብሏል።

ሽቦና ማሳ፦ አምፕህ ስንት ዋት ነው?

የመርካቶ ልጅ፦ 2 የበር ስፒከር የምትነዳ ትንሽዬ ናት። እሱ ምን አገናኘው?

ሽቦና ማሳ፦ አይ፣ ጅቡ ገና አልመጣማ።

ታክሲ ነጂው፦ 😂😂 እኔ ሃይሩፌ ላይ 2 ባትሪ ቀይሬያለሁ። ሦስተኛውን ልገዛ ሶማሌ ተራ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን «ቆይ ገንዘብህን ያዝ» አለኝ። ሙዚቃውን አስከፍቶ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፑ ማሳ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር በታሰረበት ነጌቲቭ ላይ አደረገ። 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። ወንበር ስር ገብቶ ብሎኑን ፈታው፣ ለካ ቀለም ላይ ነው የታሰረው! በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፍቆ መልሶ አሰረው፣ 0.1 ሆነ። የከፈልኩት የሻይ ነው። ያ ሁሉ ባትሪ በከንቱ።

ባለ ቪትዙ፦ የእኔ ማሳ ታስሯል። አይቼዋለሁ።

ሽቦና ማሳ፦ መታሰሩን ማን ጠየቀህ፣ ምን ላይ ነው የታሰረው? የፖዘቲቩ ገመድስ ውፍረቱ? ደግሞ መዳብ መሆኑን በቢላ ፋቅ አድርገህ እይ። አሁን ገበያውን የሞላው ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው፣ በዚያው ውፍረት የሚያሳልፈው ያነሰ ነው። ዲናሞህ ላይ የተለጠፈውንም አንብብ። 1000 ዋት ማለት በ14 ቮልት ከ70 አምፔር በላይ ነው፤ መብራቱ፣ ኤሲው፣ መጥረጊያው ሳይቆጠር። ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ ቆመህ ደግሞ ዲናሞ ሙሉውን አይሰጥም። መብራትህ የሚጨፍረው መንገድ ተዘግቶ ስትቆም አይደል?

ባለ ቪትዙ፦ አዎ!! መገናኛ ላይ ነው የሚብሰው።

ቻርጅ አድርግ፦ እናንተ ሰዎች አሁንም ዲናሞ ላይ ናችሁ? የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2024 ጀምሮ ዓለም ተቀይሯል። ኤሌክትሪክ ግዙ፣ ገላገላችሁ።

ሽቦና ማሳ፦ የአንተዋም 12 ቮልት ባትሪ አላት ወንድሜ። ዲናሞ የላትም እንጂ ከትልቁ ባትሪ በኮንቨርተር ነው የምትሞላው። ቴፕህም በሮችህም በዚችው ነው የሚሠሩት። ስትሞት በርህን የሚከፍትልህ ታጣለህ።

ቻርጅ አድርግ፦ ቅናት ነው።

የቮልስ ባለቤት፦ ልጆች፣ የድሮዋ ቮልስ 6 ቮልት ነበረች። ሬዲዮም ነበራት። ጎረቤትም ይተኛ ነበር።

የአያት እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! እዚህ ስለ ቮልት ይጨቃጨቃሉ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት መስኮቴ ሲንቀጠቀጥ ልጄ እየተነሳ የሚያለቅሰውን ማን ይቁጠርልኝ? ባትሪያችሁ ሁሉ ይሙት!

ታክሲ ነጂው፦ አሜን አልልም እናቴ፣ ባትሪ ስንት እንደገባ ያውቃሉ?

ሽቦና ማሳ፦ ወደ ነገራችን። ባለ ቪትዙ፣ መኪናውን ቆልፈህ ስትወርድ አምፑ ላይ ያለችው መብራት ትጠፋለች?

ባለ ቪትዙ፦ አላውቅም። ወርጄ ልየው።

የመርካቶ ልጅ፦ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ገጣሚው ላይ ልትለጥፍ ነው። «አያስብም» ያለው እኮ በትክክል ከተገጠመ ማለቱ ነው።

ሽቦና ማሳ፦ «በትክክል ከተገጠመ» የሚለውን ትናንት አልሰማሁም። አንተ ነህ ዛሬ የገጠምክለት።

ባለ ቪትዙ፦ አየሁት። ሰማያዊ መብራት ቦግ ብላለች። መኪናው ከቆመ 3 ሰዓት ሆኖታል፣ አምፑ አሁንም ለብ ይላል።

ሽቦና ማሳ፦ በቃ። ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። አምፑን የምታስነሳዋ ቀጭን ገመድ ከቴፑ ሰማያዊ ገመድ ነበር መምጣት ያለባት፣ ገጣሚው ቢጫው ላይ ጠምጥሟታል። በቢጫው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ቁልፍ ቢወጣም አይቋረጥም። የጠዋቱ ችግርህ ይሄ ነው። የመብራቱ ጭፈራ ሌላ በሽታ ነው፣ አታደባልቀው።

የመርካቶ ልጅ፦ ቴፑ ከጃፓን ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፣ ሰማያዊ የለውም! ከየት ያምጣ?

ሽቦና ማሳ፦ ከቀዩ ይውሰዳ! ቁልፍ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል። ይሄንን ሳያውቅ ነው ስለ ባትሪ አታስቡ የሚለው?

ታክሲ ነጂው፦ ቆይ፣ የጃፓኑን ቴፕ እስካሁን ይዘኸዋል? እሱ እኮ ከ90 በላይ አይሄድም፣ ሸገር 102.1ን በምን ትሰማለህ?

ባለ ቪትዙ፦ የሬዲዮ ሞገድ ማስፊያ አስገጥሜበታለሁ።

ታክሲ ነጂው፦ እሱንስ ማን ገጠመው?

ባለ ቪትዙ፦ ያው ራሱ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ እና ሸገር አልያዘልህም?

ባለ ቪትዙ፦ ይይዛል። ነዳጅ ስረግጥ «ዊዊዊ» የሚል ድምፅ አብሮ ይወጣል እንጂ።

ሽቦና ማሳ፦ ከሞተሩ ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ነው? ማሳ ነው ብዬህ አልነበር!

የመርካቶ ልጅ፦ ለዚህ ሰው ሁሉ ነገር ማሳ ነው። ጥርሱን ቢያመውም ማሳ ነው የሚለው።

የአያት እናት፦ ሰዓቱ 5 ሆኗል። አሁንም ከታች እየደለቀ ነው። ከእናንተ አንዱ ከሆነ ይውረድና ያጥፋልኝ።

ታክሲ ነጂው፦ ፊውዙንም እየው እስቲ። ለእኔ ባለፈው አንዱ የተቃጠለውን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ አግኝቼዋለሁ።

ባለ ቪትዙ፦ ፊውዝ የቱ ጋ ነው የሚሆነው?

ሽቦና ማሳ፦ ፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ።

ባለ ቪትዙ፦ እዚያ ምንም የለም።