ክርክር፦ ካህን በጎብኚ ቪዛ ሄዶ ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው?

ከደብረ ማርቆስ (ጥያቄውን ያነሣሁት)፦
ከዋሸራም ከዲማም ቅኔ ተቀኝተው የወጡ ካህናት ወደ አሜሪካ ይጠራሉ። ጥሪው በጎ ነው። እዚያ ያለው ምእመን ልጁን ማስጠመቅ፣ ሙቱን ማስፈታት ይፈልጋል። ግን ለበዓል ተብሎ የጎብኚ ቪዛ ይወጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ካህኑ እዚያው ይቀራል። የሥራ ፈቃድ የለው፣ የመኖሪያ ወረቀት የለው። እኔ የምለው፣ አጥቢያው ሕጋዊውን ቪዛ ሳይጨርስ ካህን አይጥራ። እናንተስ?

ከሞጣ፦
ወንድሜ፣ አጠበቅኸው። ሐዋርያት የሥራ ፈቃድ ይዘው አልዞሩም። እዚያ ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚያደርስ የሚጠፋበት ከተማ አለ። ሬሳው ወረቀት እስኪያልቅ ይጠብቅ? ደግሞ ቄሱ ሕፃን አይደለም። አውቆ ነው የሚሄደው።

ከቢቸና ወጥቼ አሜሪካ የምኖር፦
አውቆ ነው ባልከው አልስማማም። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ሠርቻለሁ። ለካህኑ የሚነገረው “ና እንጂ፣ ስትደርስ ይስተካከላል” የሚል ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ለሃይማኖት አገልጋይ ራሱን የቻለ ቪዛ አለ፤ አር ዋን ይባላል። መጀመሪያ የሚያመለክተው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ መሆን አለበት። ካህኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት የዚያው እምነት አባል የነበረ፣ ሥራውም በሳምንት ከ20 ሰዓት የማያንስ መሆን አለበት። ደመወዙን ወይም ማደሪያና ቀለቡን በምን እንደሚችሉ በሰነድ ያሳያሉ። ኢሚግሬሽን ቦታው ድረስ መጥቶ ሊያይ ይችላል። እኔ ያየኋቸው ሰዎች የሸሹት ይህችን ነው፤ ሒሳባቸው እንዲታይ አይፈልጉም።

በጎብኚ ቪዛም ቢሆን በአንድ አጥቢያ ሳይቀጠሩ፣ ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ዞሮ አስተምሮ መመለስ ይቻላል። ጣጣው መቅረቱ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
እኔ የቄስ ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ለጥምቀት ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የጠሩት ሰዎች ወረቀቱን እንጨርሳለን ብለውት ነበር። በመካከላቸው ጠብ ሲነሣ ካስጠጉት ቤት አስወጡት። የሠራበትን ልጠይቅ ቢል ወረቀት የለውም፤ ፈራ። እናቱ ስታርፍ ለቀብሯ መምጣት አልቻለም። ትንሿ ልጄ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። ሰው ግን ዶላር ይልክልሻል እያለ ያየኛል።

ቄስ በአንድ ሚስት የጸና ነው። እሱም ሌላ አያገባ፣ እኔም ሌላ አላገባ። ይህን ያህል ዘመን ተለያይቶ መኖር ለክህነቱስ ፈተና አይደለም? አገልጋይ ጠራን የሚሉት ሰዎች ትዳር እያፈረሱ እንደሆነ ይወቁት።

ከቢቸና፦
እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንዳይመጣ የያዘው ሕግ ይህ ነው፦ የተፈቀደለት ጊዜ ካለቀ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት ተመልሶ አይገባም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ አሥር ዓመት ይሆናል። በአር ዋን ቢሄድ ኖሮ አንቺና ልጆቹ አር ቱ በሚባለው ልትከተሉት ትችሉ ነበር። ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድላችሁም፤ አንድ ቤት ግን ታድሩ ነበር።

ከሞጣ፦
የእታለም ነገር አንጀቴን በላው። ሕፃን አይደለም ያልኩትን ትቼዋለሁ። ግን ሕጋዊውም መንገድ ገደል አለው። አር ዋን ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወረፋው አቆጣጠር ስለተቀየረ የሃይማኖት ሠራተኞች የግሪን ካርድ ጥበቃ በጣም ረዝሟል። አምስት ዓመቱ ወረፋው ሳይደርስ ያልቃል። ጎጃምም ሰላም አጥታ ስንት ጊዜዋ። ጥገኝነት ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

ከባሕር ዳር፣ ጠበቃ ነኝ፦
አይፈረድበትም። እውነተኛ ስጋት ያለበት ይጠይቅ፤ በመርሕ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ግን አጥቢያው ሊሠራ የሚገባውን ባለመሥራቱ ካህን ያልደረሰበትን ታሪክ እንዲናገር መገፋት የለበትም። ይህ ኃጢአትም ወንጀልም ነው።

ሐዋርያትን ላነሣኸው፣ ጳውሎስ ሊገርፉት ሲሉ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ ነው የተከላከለው። ሕግን አልናቀም።

እኛም ለመጣ እንግዳ ፈቃድ ስንጠይቅ ኖረናል። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሪቱን ለስብከት ክፍት በሆነና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ክልል ከፈላት። በቤተ ክርስቲያኗ ክልል የውጭ ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት በፈቃድ ሊከፍት ይችል ነበር፤ ሃይማኖት ማስለወጥ ግን አይችልም። ዛሬም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ከፈረንጅ ሰባኪ የምንጠይቀውን ወረቀት የራሳችን ቄስ ሰው አገር ሲሄድ ልንንቀው አንችልም።

ከደብረ ማርቆስ፦
እንግዲያው ሀሳቤን ላጥብበው። ሀገረ ስብከቱ ለአገልግሎት ለሚሄድ ካህን መሸኛ ሲጽፍ፣ የጠራው አጥቢያ የአር ዋን ማመልከቻ ማስገባቱን ይጠይቅ። ከሌለ መሸኛው አይውጣ።

ከቢቸና፦
በሀገረ ስብከት ሥር ላሉት ይሠራል። በገለልተኝነት የቆሙትን ማን ያስገድዳቸዋል? እዚህ ያለን ምእመናን ነን መጠየቅ ያለብን። የቄሱ ወረቀት የት ደረሰ ብሎ በጉባኤ የሚነሣ ሰው ጥቂት ነው።

ከሞጣ፦
በመሸኛው እስማማለሁ። የማመልከቻው ደረሰኝ ቅጂ ግን ለሀገረ ስብከቱ ብቻ አይቅር፤ ለቄሱም ለሚስቱም ይሰጥ።