ያገለገለ ስኳድራ፣ ታጣፊ የእንጨት ሜትር እና ካሊብሮ፦ የትኛው ይገዛ?

የአራዳው አናጢ፦
ሰላም ጀመዓ። ደሴ ላይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሦስት ነገር አየሁ። አንዱ አራት ላይ የሚታጠፍ ቢጫ የእንጨት ሜትር ነው፤ ማጠፊያው ነሐስ፣ ላዩ ላይ «ራቦን ቼስተርማን» ይላል፣ ቁጥሩ ኢንች ብቻ ነው። ሌላው እጀታው ጠቆር ያለ እንጨት፣ ምላሱ ብረት የሆነ ስኳድራ፣ ማዕዘን ቀጥ (90 ዲግሪ) መሆኑን የምናይበት። ሦስተኛው ትንሽ የዛገ ካሊብሮ፣ ውፍረትና ቀዳዳ በመንጋጋው የሚለካው ተንሸራታች መለኪያ። ሰውየው «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ» እያለ ዋጋውን ሰቅሎታል። እውነቱን ነው? እዚያው ቆሜ በምን ልፈትሻቸው?

ቶርኖ ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ የጣሊያኑን ወሬ እርሳው። ራቦን የበርሚንግሃም፣ ቼስተርማን የሼፊልድ ነበሩ፤ ሁለቱም እንግሊዝ። የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ስም አንድ ላይ ከተጻፈ ዕቃው ጣሊያን ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ ነው። ከጣሊያን የቀረልን «ስኳድራ» እና «ካሊብሮ» የሚለው ስም ነው።

ካሊብሮውን መንጋጋውን ግጠመውና ወደ ብርሃን አንሳው። ብርሃን ካሾለከ ተበልቷል። ዜሮው ከዜሮው ጋር መግጠሙን እይ። ከዚያ አዲስ 6203 ቤሪንግ፣ ኩሽኔታ የምንለውን፣ ኪስህ ይዘህ ሂድ። ውጩ 40 ሚ.ሜ.፣ ቀዳዳው 17፣ ውፍረቱ 12 ነው። 40ውንና 12ቱን በትልቁ መንጋጋ፣ 17ቱን በትንሹ ለካ። 40 እና 12 ላይ በእኩል ከሳተ ዜሮው ብቻ ነው የተዛባው፤ ቀንሰህ ትሠራበታለህ። አንዱ ላይ ልክ ሆኖ ሌላው ላይ ከሳተ ተወው። ተንሸራታቹ ላይ 20 ክፍል ካለ 0.05፣ 50 ክፍል ካለ 0.02 ሚ.ሜ. ያነባል። ለእንጨት 0.1 ስለሚበቃ ለ0.02 ብለህ ብር አትጨምር።

ወይራ ፍልጥ፦
እኔ ስኳድራውን ነው የምለው። ቢዛባም በእጅ የሚታረመው እሱ ነው።

ጠርዙ ቀጥ ያለ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ቁራጭና ስል ቢላ ያዝ። እርሳስ አይሆንም፣ የመስመሩ ውፍረት ስህተቱን ይውጠዋል። እጀታውን ጠርዙ ላይ አስደግፈህ 20 ሴ.ሜ. ያህል አስምር፤ ስኳድራውን ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ጀምረህ ድገም። ሁለቱ መስመር ከገጠሙ ጉዳዩ አለቀ። ጫፉ ላይ በ0.5 ሚ.ሜ. ከተራራቁ የስኳድራው ስህተት የዚያ ግማሽ፣ 0.25 ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ 80 ሴ.ሜ. ወርድ ያለው በር ላይ ግን 1 ሚ.ሜ. ይሆናል። የኤምዲኤፉ ጠርዝ ራሱ ጠማማ ከሆነ ፈተናው ስለሚዋሽ ቀድመህ እሱን እይ።

ምላሱን ጠምዘዝ አድርገው። እጀታው ውስጥ ከተነቃነቀ ሪቬቱ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ሚስማር፣ ላልቷልና አትግዛ። ከጸና የተዛባውን የምላስ ጠርዝ በደቃቅ ሞረድ በትንሽ በትንሹ እያነሳህ፣ በየመሃሉ በቢላው መስመር እየፈተሽክ ታቀናዋለህ። ሙሉ ብረት የሆነ የኤል ቅርጽ ስኳድራ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። ማዕዘኑ ከጠበበ የውስጠኛው ጥግ አጠገብ፣ ከሰፋ የውጨኛው ጥግ አጠገብ በሾለ የብረት መምቻ ትመታዋለህ፤ ብረቱ እዚያ ሲዘረጋ ማዕዘኑን ይገፋዋል።

ታጣፊው ሜትር እርጥበት በልቶታል ብለህ አትስጋ። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው፣ በቁመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። የሚገድለው ማጠፊያው ነው። ዘርግተህ አንድ ጫፉን ይዘህ አግድም አንሳው፤ ከወደቀ ላልቷል። 12 ኢንች ላይ 304.8፣ 24 ላይ 609.6 ሚ.ሜ. መስጠት አለበት። እውነቱን ልንገርህ፣ ልክ ቢሆንም በሴንቲሜትር ለምንሠራ ሰዎች የግድግዳ ጌጥ ነው።

የአራዳው አናጢ፦
ተመልሼ ሄጄ ነበር። የማይታጠፍ የብረት ማስመሪያም አለው፣ ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩም ጉልህ። የሱ 30 ሴ.ሜ. ግን በአዲሱ ሜትሮዬ 30.3 ሆነ። ብረት ተለጠጠ እንዳልል!

ቶርኖ ኮምቦልቻ፦
እሱን እንዳትነካው። የሞዴል ሠሪ ማስመሪያ ነው፤ ሞዴል የምንለው የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን ቅርጽ ለማውጣት የሚሠራውን የእንጨት አምሳያ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ካስት አይረን የሚባለው ብረት 1 በመቶ ያህል። ስለዚህ የእንጨት ሞዴል የሚሠራው ሰው ስሌት ውስጥ ሳይገባ እንዲያተልቀው ማስመሪያው ራሱ ሆን ተብሎ በዚያው መጠን ረዝሞ ተሠርቷል። ለአልሙኒየምና ለአረብ ብረት ደግሞ ከዚህም የረዘመ አለ። ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ የመኮማተሩ መጠን ይጻፋል፣ ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነ ግን በዓይን አይለይም። ንጹሕ የሆነውም የሚገዛው ስለጠፋ ሳይሆን አይቀርም።

ወይራ ፍልጥ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በሜትሮ ስታመሳክር ከጫፉ አትጀምር፣ ከ10 ሴ.ሜ. ጀምረህ 10ሩን ቀንስ። የጫፉ መንጠቆ ይነቃነቃል፤ ብልሽት አይደለም። የራሱን ውፍረት ያህል እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ስትስበው ወደ ውጭ፣ ስትገፋው ወደ ውስጥ። በመዶሻ መትተው የሚያጠብቁት አሉ፤ ከዚያ በኋላ ከመሳብና ከመግፋት አንዱ ሁልጊዜ ይስታል።