የልጄ ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ 400 ሆነ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ቶንሲሏን ታማ ከዳነች በኋላ ጉልበቷ አብጦ ተቃጠለ፣ እሱ ሲሻላት ደግሞ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፣ ካልሲ እንኳ ሲነካት ትጮኻለች። አንድ ክሊኒክ ደሟን አይተው ኤኤስኦ 400 ነው፣ የልብ ሩማቲክ ነው፣ በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋ አሉን። ልቧን ግን ማንም አላዳመጠም! ምርመራው እኮ የሚያሳየው ሰውነቷ በቅርቡ ስትሬፕ የሚባለውን ባክቴሪያ መዋጋቱን ነው፤ ጉሮሮዋን ታማ በዳነች በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ቢጨምር አይገርምም፣ ልቧ ተነክቷል ማለትም አይደለም። ዝም እንዳልል ደግሞ መገጣጠሚያዋ አስፈራኝ፣ ማታ ማታም ያተኩሳታል። በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ የጤና ባለሙያዎችም ካላችሁ፣ መጀመሪያ የልብ አልትራሳውንድ ትነሳ ወይስ ደሙ ይደገም? የልጆች ልብ ሐኪም ጋ ቶሎ የሚያስገባ የመንግሥት ሆስፒታልስ የትኛው ነው?