ጎብዬ ማሽላ ላይ አቀንጭራ ወጣ፤ ዝርያው ተሸነፈ ወይስ ዘሩ ተበላሸ?

ቆላ_ቆቦ

ሰላም ለሁላችሁ። ማሳው ቆቦ ዙሪያ ነው፤ 2 ጥማድ (አንዱ ሩብ ሄክታር)፣ አሸዋ ቀመስ ቀላል አፈር፣ ከላይ በኩል የጎርፍ ጠለፋ ውሃ ይገባዋል። የተዘራው አቀንጭራን (የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን አረም) ይቋቋማል የሚባለው ጎብዬ ማሽላ ነው፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ በመስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ገብቷል፣ ዩሪያ አልገባም። ዘሩን ገበሬው ከራሱ ምርት እያስቀረ ሲዘራ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

በ45ኛው ቀን አቀንጭራ ብቅ ብቅ አለ። አሁን ማሽላው 60 ቀን ሞልቶታል። 10 ቦታ ላይ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ከልዬ ስቆጥር በአማካይ 7 ግንድ አቀንጭራ አለ። አጎራባቹ በሚያዝያ የተዘራው ጅጉርቲ የሚባለው ረጅም የአገሬው ማሽላ ከዚህ ብዙ ይብሳል፤ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ውሃ እንደጠማው ተጠቅልሏል። ቢሆንም ገበሬው "አይነካውም ብላችሁኝ አልነበር?" ይላል፤ መልስ ያጣሁት እዚህ ላይ ነው።

ዝርያው በአቀንጭራው ተሸንፏል ማለት ነው? ዩሪያ አሁን ቢገባ ይረዳል? ለሚመጣው ዓመት ማሾ ቢዘራበትስ? አንዳንዶች ደግሞ "ጎብዬ ጂኤምኦ ነው፣ ዘረመሉ በላብራቶሪ ተቀይሯል" እያሉ ገበሬውን ያስፈራራሉ፤ ለእነሱም ምን እንደምል ንገሩኝ።

የአገዳ_ሰብል

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አጭር ነውና። ጂኤምኦ አይደለም። ጎብዬም ሌላው ተቋቋሚ ዝርያ አብሽርም በተለመደው ማዳቀል የወጡ ናቸው። የመቋቋም ባሕርያቸው የመጣው ኤስአርኤን 39 ከሚባል የማሽላ መስመር ነው፤ ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። "አይነካውም" የተባለው ቃል ራሱ ስህተት ነበር። የአቀንጭራ ፍሬ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። እርጥበትና ሙቀት ቢያገኝም ብቻውን አይበቅልም፤ የማሽላ ሥር የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ማሽላ ይህን የሚለቀው ለአቀንጭራ ብሎ አይደለም፤ ፎስፈረስ የሚያመጡለትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። አቀንጭራ የሰውን ጥሪ ሰምቶ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ በሉት። ጎብዬ የሚቋቋመው ይህ ጥሪ ስለሚደክምበት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዘረመሉ ተለይቶ ኤልጂኤስ 1 ተብሏል፤ ዘረመሉ ሲጎድል ማሽላው የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይለወጣል፣ ለአቀንጭራ ፍሬም ደካማ ቀስቃሽ ይሆናል። ደካማ ማለት ግን ዜሮ አይደለም። አፈሩ በፍሬ ከተሞላ ጥቂቱ መንቃቱ አይቀርም።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ "ሦስተኛ ዓመቱ ነው" ያልከው ነው። ይህ የመቋቋም ባሕርይ ሪሰሲቭ የሚሉት ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከ5 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ከሌላ ተክል ብናኝ ሊቀበል ይችላል። ሐምሌ የተዘራ ጎብዬና ሚያዝያ የተዘራ ጅጉርቲ አበባቸው መስከረም ላይ ሊገጣጠም ይችላል። የጅጉርቲ ብናኝ ያረፈበት የጎብዬ ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት ሲበቅል ጥሪው እንደ ጅጉርቲ ሙሉ ነው። ደግነቱ በዓይን ይለያል፤ አጭርነትም በድብቅ የሚወረስ ባሕርይ ስለሆነ የተዳቀለው ከእኩዮቹ በላይ መዝለሉ አይቀርም። እስቲ ማሳው ውስጥ ገብተህ እይልኝ፤ ከሌላው ክንድ ያህል የሚረዝም ተክል አለ? ካለ 30 ረጅምና 30 አጭር ምረጥ፣ በቀለም ክር እሰራቸው፣ ከእያንዳንዱ ግርጌ በ20 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ አቀንጭራ መኖር አለመኖሩን መዝግብ። ከማሳው ዳር አትምረጥ፤ የጎርፉ ውሃ የሚገባበት ጫፍ ከላይ ማሳ ፍሬ ተሸክሞ ስለሚመጣ ቆጠራውን ያዛባዋል።

ሽልሻሎ

ስለ ዩሪያው። እውነቱን ለመናገር ለአቀንጭራው ዘግይቷል። ናይትሮጅን የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው፤ ሥሩ የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን ይቀንሳል፣ ማሽላውንም ያጠነክራል። የመጀመሪያው የሚሠራው ከመጣበቁ በፊት ብቻ ነው። በ45ኛው ቀን ከአፈር በላይ ያየኸው አቀንጭራ ከምድር በታች ሳምንታትን ቆይቷል፤ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል የሚደርሰውም ያኔ፣ ገና ሳይታይ ነው። ከተጣበቀው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ 7ን እንደ ሙሉ ቁጥር አትውሰደው።

ሁለተኛው ጥቅም ግን አሁንም አለ። እርጥበት ካለ ብቻ ለአንድ ጥማድ 12.5 ኪሎ ዩሪያ አስገባ። 75 ሳንቲ ሜትር በተራራቀ መስመር አንድ ጥማድ 3,333 ሜትር ያህል መስመር አለው፤ ለ100 ሜትር 375 ግራም መዝነህ ለሠራተኛው ብትሰጠው መጀመሪያ ላይ አብዝቶ መጨረሻው ላይ አያልቅበትም። ከግንዱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር አርቆ በቀጭን ቦይ አድርጎ አፈር ያልብሰው። በደረቅ አፈር ላይ ተበትኖ ፀሐይ ካገኘው አሞኒያ ሆኖ ይበናል፤ ገንዘቡን ለአየር ሰጠህ ማለት ነው። ለከርሞ ይህንኑ መጠን ከ25 እስከ 30ኛው ቀን ላይ አድርገው።

ነቀላው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜውን ነው። ትንሽ ሳለ ከነቀልከው ከአንገቱ ይበጠስና መልሶ ያቆጠቁጣል። የመጀመሪያዋ ሐምራዊ አበባ ስትታይ ጀምር፣ ከዚያ በየሳምንቱ ድገም። አፈሩ ረጠብ ሲል ከሥሩ ይወጣል። ፍሬ መቋጠር የጀመረውን ከነቀልክ በኋላ መስመሩ ላይ ከጣልከው ተነቅሎም ፍሬውን ሊያበስል ይችላል፤ ስለዚህ በማዳበሪያ ጆንያ ሰብስብ፣ ላስቲክ ላይ አድርቅ፣ አቃጥል። ለከብት አትስጥ፤ ፍሬው በበረት ፍግ ተመልሶ ወደ ማሳ ይሄዳል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ዛላው ተቆርጦ አገዳው ቆሞ ሲቀር አቀንጭራው ሥራውን አላቆመም። አንድ ግንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ የሚበትነው ብዙውን ጊዜ ሰው ከማሳው ከወጣ በኋላ ነው። አገዳውን ከዛላው ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ እጨደው።

ለከርሞ በዚህ አሸዋ ቀመስ አፈር ላይ ቦዩን እየቋጠራችሁ ዝሩ፤ በየ5 ሜትሩ ገደማ ከጉብታው ዝቅ ያለ ማገጃ፣ ዘሩ ቦዩ ውስጥ። ማገጃው ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ጉብታውን ሰብሮ ማሳውን ይጠርገዋል። በዋልካ አፈር ላይ ግን ይህን አታድርጉ፣ ውሃ ተኝቶ ማሽላውን ቢጫ ያደርገዋል።

የእንጀራ_ማሽላ

ሁላችሁም ጎብዬን እንደ መድኃኒት ታወራላችሁ። ወገን፣ የቆቦ ሰው ጅጉርቲን የሚዘራው ባለማወቅ አይደለም። የጅጉርቲ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ጎብዬ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ፍሬውን ሰጥቶ በሬውን ያስርባል። ከጎረቤት ቀድሞ ስለሚደርስ ደግሞ ግሪሳው ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ብቻውን የዘራ ሰው ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መዋል ነው። ምርቱን ስታወዳድሩ የጠባቂውንም ቀን ቁጠሩ እንጂ።

የአገዳ_ሰብል

ልክ ነህ፣ አልከራከርም። ግን ምርጫው የሚወሰነው በልጉ ሲጥል ወይም ሲቀር ነው። የሚያዝያ ዝናብ ከመጣ ጅጉርቲና ሌላው የአገሬው ማሽላ ደገሊት ረጅሙን ወራት ይጠቀሙበታል። ካልመጣ እስከ ሐምሌ ቆይቶ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ዘር መዝራት ዛላውን ለመስከረም መጨረሻ ድርቅ መስጠት ነው። በልጉ በቀረ ቁጥር አጭር ጊዜ ወደሚፈልገው መሄድ ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አቀንጭራ የበዛበትን ማሳ ለጎብዬ ወይም ለአብሽር፣ ንጹሑን ለሌላው መስጠት። ለግሪሳው አንድ መፍትሔ አለ፤ ኩታ ገጠም ሆኖ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢዘራ ወፉም ጥበቃውም ይከፋፈላል። በዝርያው ስም "አብሽር" ማለት የሚቻለው ያኔ ነው።

ማሾ ጥሩ ሐሳብ ነው። ማሾ፣ ሰሊጥና ጥጥ የአቀንጭራን ፍሬ ያነቁታል፤ ግን ሥራቸው ላይ ተጣብቆ ማደግ አይችልም፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። የአንድ ዓመት ማሾ ግን አፈር ውስጥ ካለው የፍሬ ክምችት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ቢያንስ ሦስት ወቅት ያስፈልጋል። ጤፍ ዘርቶ "ማሳውን አሳረፍኩት" ማለት አይቻልም፤ የሣር ወገን ስለሆነ ይህን ሥራ አይሠራም። ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል የሚያነሳ ካለ፦ ሥሩ የሚለቀው ኬሚካል በእርግጥ አቀንጭራን ያዳክማል፤ ነገር ግን ተክሉ ዓመቱን ሙሉ መሬት ላይ መቆየት አለበት። ከመኸር በኋላ ልቅ ግጦሽ ባለበት ቆላ በጋውን አያልፍም።

ፔትሪ_ዲሽ

ቆላ_ቆቦ፣ ረጅምና አጭር ቆጥረህ ልዩነቱ ካልጠራ የዘሩን ጥሪ በላብራቶሪ መለካት ይቻላል። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ ማይክሮስኮፕና ማሞቂያ ያለው ሰው ካወቅህ አሠራሩ ይህ ነው።

የአቀንጭራ ፍሬው ያለፈው ዓመት ይሁን፤ አዲስ የተለቀመ ፍሬ ለወራት እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ምንም አታይም። ፍሬውን በበረኪና አጥበህ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ አለቅልቅ፣ ከዚያ እርጥበት ውስጥ በ28 ዲግሪ ለ14 ቀን በጨለማ አቆየው። ይህን ማለማመጃ ከዘለልከው አይነቃም፤ ከልክ በላይ ካቆየኸውም ተመልሶ ይተኛል። ከዚያ ፍሬውን ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ በትነህ 0.7 በመቶ የሆነ አጋር (ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ጄል) ለብ ሲል አፍስስበት። ለ24 ሰዓት የበቀለ አንድ የማሽላ ፍሬ ዳር ላይ ወደ አጋሩ አስገባ፤ ሥሩ ወደ መሐል ይመልከት። በ28 ዲግሪ ለ3 ቀን ጨለማ። ሳህኑን ገልብጠህ በማይክሮስኮፕ ከሥሩ እጅግ ርቆ የነቃውን ፍሬ ፈልግና ርቀቱን ለካ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደካማ ጥሪ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ጥሪ ነው።

ከገበሬው ዘር ቢያንስ 20 ፍሬ፣ ለየብቻ ሳህን። ከጎኑ የጅጉርቲ ሳህን መኖር አለበት፤ ጅጉርቲው ላይም ምንም ካልነቃ የሞተው ፍሬህ ነው እንጂ ዘሩ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። አጋሩ ሻጋታ ካወጣ ያን ሳህን አትቁጠር።

ቆላ_ቆቦ

አመሰግናለሁ። ቆጠራውን ጨረስኩ። ረጃጅሞች እውነትም አሉ፣ በየመስመሩ ጥቂት ጥቂት። ከ30 ረጅም 24ቱ ግርጌ አቀንጭራ አለ። ከ30 አጭር ደግሞ 9ኙ ላይ። ረጅሙ ነገር ገባኝ፤ አጭሮቹ 9ኙስ?

የአገዳ_ሰብል

ጥሩ ቆጠራ ነው። 9ኙን ተመልሰህ እያቸው፤ ስንቶቹ ከረጅም ተክል ጎን ናቸው? የጎብዬ መቋቋም ያለው ጥሪው ላይ ነው፣ በሩ ላይ አይደለም። ረጅሙ ጎረቤት ከቀሰቀሰው አቀንጭራው አጠገቡ ካገኘው ሥር ላይ ይጣበቃል፣ የጎብዬም ቢሆን። ስለዚህ ጥቂት ድብልቅ ተክል ከራሱ ቁጥር በላይ ጉዳት ያመጣል። ረጃጅሞቹ አጠገብ ካልሆኑ ደግሞ የክምችቱ ብዛት ነው።

አበባ ከማውጣታቸው በፊት ረጃጅሞቹን በሙሉ ከግርጌ ቁረጣቸውና ለከብት ስጣቸው፤ ግን መጀመሪያ ግርጌ ያለውን አቀንጭራ ነቅለህ ለይ፣ ከ60 ቀን በላይ ቢሆንም አገዳውን ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ አብላ፤ እርጥብ ለጋ ማሽላ ለከብት መርዝ አለው። ይህ ግን የዘንድሮውን ዘር አያድነውም፤ በዚህ ወር የሚወርደው የጅጉርቲ ብናኝ ያረፈበትን ዛላ በዓይን መለየት አይቻልም። ለከርሞ አዲስ የተረጋገጠ ዘር ይግዛ፤ ለ2 ጥማድ 5 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ ራሱ ማስቀረት ከፈለገ ከሌላ ማሽላ 200 ሜትር የራቀ ቦታ ይምረጥ፣ ከማሳው መሐል ቁመታቸው እኩል ከሆኑት 150 ዛላ ይልቀም፣ ዛላዎቹንም ከጅጉርቲው ጋር አንድ አውድማ ላይ አይውቃ።