ደረጃችን ላይ ዕፅ ይሸጣል፤ ፖሊስ ወደ አከራይ፣ አከራይ ወደ ፖሊስ ይመልሰኛል። ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሦስተኛ_ፎቅ (ደቡብ ለንደን)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው የሃውሲንግ አሶሴሽን (ለትርፍ የማይሠራ የቤት አከራይ ድርጅት) ፍላት ውስጥ ነው። የዋናው በር ቁልፍ ከተሰበረ ወዲህ ወጣቶች ደረጃው ላይ ተሰብስበው ያጨሳሉ፣ ይሸጣሉ፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃ ይከፍታሉ። ፖሊስ «ለአከራይሽ ንገሪ» ይላል፤ አከራዩ «የፖሊስ ጉዳይ ነው»፤ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ደግሞ «ቤቱ የኛ አይደለም»። እንደ ኳስ እየተቀባበሉኝ ነው። እናቴ ብቻዋን መውጣት ፈርታለች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ስሜ ከታወቀም ልጆቹ ይበቀሉኛል ብዬ እሰጋለሁ።

ቀበሌ_ለንደን፦

እህቴ፣ «የኛ አይደለም» የሚለው መልስ አያስኬዳቸውም። በ1998 የወጣው የወንጀልና የሁከት ሕግ ፖሊስን፣ ካውንስልን፣ እሳት አደጋን፣ ፕሮቤሽንን (ጥፋተኞችን የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት) እና የአካባቢውን የኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ቦርድ አብረው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ጥምረቱ ኮሚዩኒቲ ሴፍቲ ፓርትነርሺፕ ይባላል።

አንቺ የምትጠይቂው ኤ ኤስ ቢ ኬዝ ሪቪው ነው፣ ማለትም ሰፈር የሚያውክ ድርጊት (ኤ ኤስ ቢ) ላይ የቀረበ አቤቱታ እንዴት እንደተያዘ የሚታይበት ግምገማ፤ ድሮ ኮሚዩኒቲ ትሪገር ይሉት ነበር። በ2014ቱ ሕግ የመጣ መብት ነው። ቅጹን አብዛኛውን ጊዜ ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ፤ አከራይሽም ወደ ግምገማው ይጠራል። መስፈርቱ በየካውንስሉ ቢለያይም በ6 ወር ውስጥ 3 አቤቱታ ያቀረበን ሰው መመለስ አይችሉም። በመደበኛው አሠራር እያንዳንዱ አቤቱታ ድርጊቱ በተፈጸመ በ1 ወር ውስጥ የቀረበ መሆን አለበት፤ ማመልከቻው ደግሞ አቤቱታው ከቀረበ በ6 ወር ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ዓመት ሙሉ ታግሶ ሁሉንም በአንድ ቀን ያመለክታል።

ግምገማው ልጆቹን አይቀጣም። ማን ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ መሥሪያ ቤቶቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ይጠይቃል፤ ውሳኔውንም ያሳውቁሻል።

ጥቁር_ቡና፦

ከዚያ በፊት መዝገብሽን አስተካክይ። «በስልክ ነግሬያቸዋለሁ» ማለት ብቻ አያዋጣም። 101 (አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የፖሊስ ስልክ) ስትደውዪ የጥሪውን ቁጥር (ለንደን ውስጥ ካድ ይሉታል) ጠይቂና ከነቀኑ ጻፊው። አከራዩና ካውንስሉ ጋ ደግሞ በኢሜይል ይሁን፤ ደውለሽም ከሆነ «ዛሬ በስልክ የነገርኳችሁ ይህ ነው» ብለሽ አስከትዪ። አደጋ እየደረሰ ከሆነ ግን 999 እንጂ 101 አይደለም።

ቋንቋው አያሳስብሽ። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» በዪና መስመሩን ሳትዘጊ ጠብቂ፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙሻል፣ አትከፍዪም። ልጅ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ።

ማስታወሻሽ ይህን ይምሰል፦ «ማክሰኞ 4 ማርች፣ 23፡40–02፡10፣ 2ኛ ፎቅ ደረጃ፣ 5 ወንዶች፣ አንዱ ቀይ ጃኬት፣ የካናቢስ ሽታ፣ ከፍተኛ ሙዚቃ። እናቴ አልተኛችም፤ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮዋን ሰረዘች»። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዪያት፤ ጉዳዩን ሲመዝኑ የደረሰውን ጉዳትም ያያሉ።

ሰዓቱን ደግሞ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር አድርጊው። አንቺ «ሌሊት 8 ሰዓት» ያልሽውን አስተርጓሚው ቸኩሎ 8 ብሎ ካስተላለፈው ምሽት 20፡00 ተብሎ ይመዘገባል፤ በዚያ ሰዓት የተሰማ ሙዚቃ ማንንም አያስደነግጥም።

የብሪክስተን_ልጅ፦

ግምገማው ላይ «መፍትሔ ፈልጉልኝ» ብቻ ካልሽ የሚሰጡሽ «ፓትሮል እንጨምራለን» የሚል ወረቀት ነው። እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት በሥልጣኑ ጠይቂው። ፖሊስ ልጆቹን ከአካባቢው እስከ 48 ሰዓት ማራቅ ይችላል፤ ኢንስፔክተር ወይም ከዚያ በላይ ሹም ይፈቅደዋል። ግን ብቻውን ከንቱ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ስለዚህ ስማቸው ሲታወቅ አከራዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ሲቪል ኢንጀንክሽን (ድርጊቱን የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ) እንዲያወጣ ጠይቂ፤ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ጀምሮ ይሠራል። ከ18 በታች ከሆኑ የወጣቶች ፍትሕ ቡድኑን ማማከር ግዴታ ነው፤ ያ ቡድን ስብሰባው ላይ ካልተጠራ ነገሩ ይጓተታል።

ሽያጩ ከአንድ ፍላት የሚወጣ ከሆነ ፖሊስም ካውንስልም ቤቱን ለማዘጋት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። ትእዛዙ እስከ 3 ወር ነው፣ ተራዝሞ በጠቅላላው እስከ 6 ወር ይደርሳል።

ስለ በቀል የፈራሽው ትክክል ነው፤ ፊት ለፊት ቪዲዮ አትቅረጪ፣ ቲክቶክ ላይም አትለጥፊ። ኢንጀንክሽን የሲቪል ጉዳይ ስለሆነ የሃውሲንግ ኦፊሰሩ የነዋሪዎችን ቃል ስም ሳይጠራ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዳኛው አነስተኛ ክብደት ሊሰጠው ቢችልም ይቀበለዋል። ማንነትሽን ሳትገልጪ ስለ ሽያጩ ለመጠቆም ክራይምስቶፐርስ አለ፣ 0800 555 111። ስምሽ ስለሌለበት ግን ለ3ቱ አቤቱታ ማስረጃ አይሆንሽም።

እማማ_ትርሃስ፦

ልጆች፣ ስብሰባ ስብሰባ አላችሁ፤ እኔ ግን በሩን አስቀድማለሁ። የተሰበረ ቁልፍ ባለበት ደረጃ ላይ ፖሊስ ቢመላለስም ዋጋ የለውም። ልጄ፣ ጥገናውን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቁልፉ ሲቀየርም የጠፉትና የተሰረቁት ፎቦች (የኤሌክትሮኒክ በር መክፈቻዎች) በሙሉ እንዲሰረዙ አድርጊ፤ አለዚያ በአዲሱ በርም ይገባሉ። የደረጃው መብራትም አይረሳ። ዝም ካሉሽ «ፎርማል ኮምፕሌይንት» (መደበኛ አቤቱታ) ብለሽ ለአከራዩ ጻፊ። በ5 የሥራ ቀን ተቀብለናል ይላሉ፣ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን ይመልሳሉ፤ ካላረካሽ ሁለተኛው ደረጃ 20 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአከራዮች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያየው ሃውሲንግ ኦምቡድስማን አለ፣ በነፃ።

ሦስተኛ_ፎቅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሌሊት የሆነውን ለፖሊስም፣ ለአከራይም፣ ለካውንስልም ባመለክት 3 ይሆንልኛል?

ቀበሌ_ለንደን፦

እንደ አንድ ሊቆጥሩት ይችላሉ። የሦስት የተለያዩ ሌሊቶች አቤቱታ ይሁን፤ ጎረቤቶችሽም የየራሳቸውን ያስገቡ። ቅጹን ራስሽ መሙላት ካቃተሽ በፈቃድሽ ዘመድ ወይም የአካባቢሽ ካውንስለር (የካውንስሉ ተመራጭ) ሊሞላልሽ ይችላል። ሌላ ቦታ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ሕጎቹ ለእንግሊዝና ለዌልስ ናቸው፤ ሃውሲንግ ኦምቡድስማኑ ግን የእንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የ2004 ሕግ አላት።