ኬዝ ላይ ያለን ሰዎችስ የት ነን?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ወገኖቼ። ጥያቄዬ በተለይ ጠበቅ ያለውን የአሜሪካን የዲፖርት (ሰውን ከአገር የማስወጣት) ፖሊሲ ለምትደግፉ ነው። (ጊዜውን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ይሄው ወሬ ተነሣ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ «በሕግ ያለ ሰው ምን ያስፈራዋል? የሚወጣው ሕገወጡ ነው» አሉ። ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ ዝም አልኩ። ጋሼ ዲቪ ደርሷቸው የመጡና ዜግነት ካገኙ የቆዩ ሰው ናቸው። ክፋት የለባቸውም። እንደመጣሁ ሥራ ያገናኙኝም እሳቸው ናቸው።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። በቪዛ ገባሁ። ዓመት ሳይሞላኝ፣ 2016 ላይ አሳይለም (ጥገኝነት) አመለከትኩ። አሻራ ሰጠሁ፣ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) መጣልኝ፣ ሶሻል (የሥራና የታክስ መለያ ቁጥር) አወጣሁ። ታክስ በየዓመቱ እከፍላለሁ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ኢንተርቪው ግን እስከ ዛሬ አልተጠራሁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጃንዋሪ 2018 ላይ አሠራሩ ተቀየረና ፋይል ማየት ከአዲሶቹ ተጀመረ። ከእኔ በኋላ ያመለከቱ ተጠርተው አለፉ ወይ ወደቁ። የቆየነው ከሥር ቀረን። ኖቬምበር 2025 ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት የናሽናል ጋርድ ወታደሮች በጥይት ተመቱ። ተጠርጣሪው አሳይለም ያገኘ አፍጋናዊ ነው ተባለና የአሳይለም ውሳኔ ለሁላችንም ቆመ።

አሁን ወርክ ፐርሚቴ ሊያልቅ ነው። ድሮ ማሳደሻ ያስገባ ሰው እስከ 540 ቀን በራሱ ይራዘምለት ነበር። ከኦክቶበር 30፣ 2025 ወዲህ ያ ቀርቷል። ካርዱ በጊዜ ካልመጣ አለቃዬ ወደደም ጠላም ያስወጣኛል።

በጋሼ አነጋገር እኔ የትኛዋ ነኝ? ለክርክር አይደለም፤ የምራችሁን ንገሩኝ።

ዳላስ ነኝ፦
እህቴ፣ ፖሊሲውን ከሚደግፉት አንዱ እኔ ነኝ። በቅንነት ልመልስልሽ። ባለቤቴን በሥርዓት እስካመጣት ድረስ አዲስ አበባ ልጃችንን ብቻዋን አሳደገች። ልጄ መሄድ ሲጀምር ያየሁት በቪዲዮ ነው። ድንበር ዘሎ የገባ ሰው በወራት ውስጥ ሥራ ላይ ሳየው ያመኛል። ይሄን መደበቅ አልችልም።

ሌላም አለ። ገንዘብ ከፍለው የሰው ታሪክ የሚያጽፉ ሞልተዋል፤ ሁላችንም እናውቃለን። የአንቺን ወረፋ ያጨናነቁት እነሱ ናቸው። ዲፖርት ማድረግ ደግሞ ዛሬ አልተጀመረም። ሕጉን ያጠበቀው በ1996 ክሊንተን የፈረመው ነው። በኦባማ ጊዜ፣ 2012 ላይ በአንድ ዓመት 400 ሺህ ገደማ ሰው ተመልሷል። ያኔ እንዲህ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ሕግ ያለው አገር ሕጉን ያስከብራል። አንቺን ግን ማንም ሕገወጥ አላለሽም። ለምን ራስሽን ከእነሱ ጋር ትቆጥሪያለሽ?

ሲያትል፦
ሎየርሽ ምን አለሽ? ማሳደሻው ካርዱ ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይገባል። ነገ ዛሬ ሳትዪ አስገቢ። የአሳይለም ኬዙ ላልተወሰነለት ሰው በየዓመቱ የምትከፈለዋን፣ በ100 ዶላር የጀመረችውን ክፍያም እንዳትረሺ፤ በጁላይ 2025ቱ ሕግ የመጣች ናት።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሲያትል፣ ተባረክ። ሁለቱንም ጨርሻለሁ፤ ካርዱን ነው የምጠብቀው።

ዳላስ ወንድሜ፣ የልጅህ ነገር ልቤን ነክቶታል። የውሸት ታሪክ የሚሸጡትን እኔም እጠላቸዋለሁ። ግን ራሴን የምቆጥረው እኔ አይደለሁም። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። ለኢትዮጵያውያን በ2022 ቲፒኤስ (አገሩ ችግር ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ሲፈቀድ አመልክቶ አገኘ። ዲሴምበር 2025 መንግሥት እንዲያበቃ ወሰነ። ልጁ ምን አጠፋ? ሥራ ላይ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሕጋዊ የነበረ ሰው ቁጭ ባለበት መስመሩ አለፈው። እናንተ ስትደግፉ የምታስቡት ወንጀለኛውንና ተደብቆ የሚኖረውን ነው። ተደብቆ የሚኖረውን ግን ለማግኘት ይለፋሉ። የእኔ አድራሻ፣ አሻራና የሥራ ቦታ እጃቸው ላይ ነው። ራሴ ነኝ የሰጠኋቸው። ጠበቅ ሲል መጀመሪያ የሚያርፈው ራሱ ቀርቦ በሥርዓቱ ያመለከተው ሰው ላይ ነው። ጋሼ ይሄን እንዲያዩልኝ ነው የምፈልገው።

አስተርጓሚዋ፦
የእህታችንን ነገር በዓይኔ ስላየሁት ልጨምር። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ። ከተማውን አልናገርም፤ የሰውየውንም ማንነት የሚያሳይ ነገር አልጽፍም።

ከሜይ 2025 ጀምሮ በብዙ ከተሞች የሚሆነው ይሄ ነው። ሰው በቀጠሮው ይመጣል። የመንግሥት ጠበቃ ተነሥቶ «ኬዙ ይዘጋ» ይላል። ያን ቀን የነበረው ወገናችን ጠበቃ አልነበረውም። እዚያ ፍርድ ቤት ደግሞ አቅም ለሌለው መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ኬዙ ተዘጋ ስለው ነፃ የወጣ መሰለው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዳኛውን እጅ ነሣ። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሊይዙት ቆመው ነበር። ኬዙ የተዘጋው በፈጣኑ መንገድ፣ ያለ ዳኛ እንዲመልሱት ነው። እኔ ከበሩ ውጭ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም። ዞሮ አየኝ። ምን እንደሚሉት ጠየቀኝ፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ዳላስ ወንድሜ፣ ድንበር ይጠበቅ ማለትህን አልቃወምም። ውሸታም ይጣራ ማለትህንም እንዲሁ። ግን ለማጣራት ዳኛ ያስፈልጋል። ከ3 ሚሊዮን በላይ ኬዝ ተከምሮ እያለ ቀጠሮውን ያከበረውን ከኮሪደር መውሰድ ውሸታሙን ከእውነተኛው አይለይም። ሰው ቀጠሮ እንዲፈራ ነው የሚያደርገው። አሁን አሁን ስልክ እየደወሉ «አልሂድ?» የሚሉኝ በዝተዋል።

እህቴ፣ ለአንቺም ለሌሎቹም። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ከቀረ በሌለበት ይወሰንበታል፤ ስለዚህ ከመቅረት በፊት ሎየር ያናግር። ቤት ከቀየርሽ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቂ። ኬዙ ፍርድ ቤት የገባ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻ፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቅ። በር ከተንኳኳ ሳትከፍቺ ዳኛ የፈረመበት ወረቀት እንዳለ ጠይቂ። ያላነበብሽው ላይ አትፈርሚ። ኤ ነምበርሽን (የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥርሽን) የምታምኚው ሰው ዘንድ በወረቀት አስቀምጪ። የተያዘ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚፈለገው በእሱና በትውልድ አገሩ ነው። ስልክሽ ላይ ብቻ ከሆነ አይጠቅምም፤ ስልኩን ይወስዱታል።