የዴይኬር ድጎማ እገዛ፦ ረቂቁን አብረን እናርም

ጸሐፊ፦ ለቦርዱ የምናቀርበው የባጀት ጥያቄ ረቂቅ ይኸው። ማኅበሩ በወር ሁለት ቅዳሜ ቤተሰቦች ለልጅ መዋያ የመንግሥት ድጎማ ሲያመለክቱ ያግዛል። ሲሲዲኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የልጅ መዋያ ድጎማ ገንዘብ በየስቴቱ ስለሚሰጥ የገቢ ጣሪያው ይለያያል፤ ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 85 በመቶ ግን አያልፍም። ልጁ በመደበኛው ከ13 ዓመት በታች፣ ወላጆቹም ሥራ ወይም ትምህርት ላይ መሆን አለባቸው። የጎደለውን ጨምሩበት።

ታክስ የምትሠራዋ አባል፦ ቅጽ ለመሙላት ብቻ ከሆነ ባጀት ባንጠይቅ ይሻላል። ማመልከቻ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃ ጉድለት ነው። ደመወዝተኛ የቅርብ ሳምንታት ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ያያይዛል፣ አለቀ። የሚከብደው የራይድሼርና የዴሊቨሪ ሹፌሮች ጉዳይ ነው። አፑ ላይ ያለውን ጠቅላላ ገቢ እንዳለ ይጽፉና ከጣሪያው በላይ ይሆናሉ። ብዙ ስቴቶች የሥራ ወጪን ቀንሰው የተጣራውን ያያሉ፤ የትኛውን ወጪ እንደሚቀበሉ ግን አንድ አይደሉም፣ ያለ ማስረጃም አይቀንሱም። ስለዚህ የወር ገቢና ወጪ መሙያ አንድ ገጽ፣ ከማይል መዝገብ ጋር፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እናዘጋጅ።

ሌላ አባል፦ እህቴ ያለችው ይግባ። እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ነው። የፈቃድ ደብዳቤው ሳይመጣ ልጁ ዴይኬር ከገባ፣ ያለፈው ሒሳብ ወላጁ ላይ ዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዴይኬሩ ድጎማ መቀበሉም አስቀድሞ ይጠየቅ። ዋጋው ስቴቱ ከሚከፍለው ከበለጠ፣ ከኮፔይ (ቤተሰቡ ከሚከፍለው ድርሻ) ሌላ ልዩነቱን የሚያስከፍሉ አሉ፤ “ድጎማ አግኝተናል” ብሎ የተቀመጠ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ለማታ ሺፍት ልጁን አያት ወይም አክስት ትያዘው ከተባለ እሷም በስቴቱ ደንብ መመዝገብ ይኖርባታል።

ታክስ የምትሠራዋ አባል፦ ዋናውን ረሳነው፣ እድሳቱን! አንዴ የተፈቀደ ብቁነት በመደበኛው ቢያንስ 12 ወር ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን የእድሳት ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻ ይሄድና ድጎማው ይቋረጣል። ከተፈቀደ በ10ኛው ወር ለቤተሰቡ የሚደውል ሰው እንመድብ። ይህ ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ሰነድ ግን ማኅበሩ ጋ አይቀመጥ። ኮፒ አድርገን ለባለቤቱ እንመልስ፤ መዝገባችን ላይ ስም፣ ስልክና የእድሳት ወር ብቻ ይኑር። የኢሚግሬሽን ጥያቄ ከተነሳ ወደ ጠበቃ እንምራ እንጂ እኛ አንመልስ። ባጀቱ የስካነር፣ የወረቀትና የአስተርጓሚ ይሁን። ደዋይ የሚሆን ሁለት ሰው ይመዝገብ፤ ሐሙስ ማታ ረቂቁን ለቦርዱ እልካለሁ።